ፉርጎው የሚሄድበት ጉዳይ ይኑረው፦ ስለ ግቢ ባቡር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የግቢ ባቡር የምንለው ከቤት ውጭ፣ በአትክልቱ መሃል በተዘረጋ ትንሽ ሀዲድ ላይ የሚሄደውን ሞዴል ባቡር ነው። ከወሎ ከደወላችሁልን መካከል የአራቱን ጥያቄ እነሆ።

ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት፦ «ጋሼ፣ ግቢዬ ውስጥ ክብ ሀዲድ ዘርግቼ ባቡሩ ሲዞር ይውላል። ልጆቼ ሁለት ቀን አይተው ተዉት። እንደ እውነተኛ የጭነት ባቡር እንዴት ላሠራው?»

ልጆቹ እውነታቸውን ነው። ሥራ የሌለው ባቡር ይሰለቻል። መጀመሪያ ጭነቱን ያስቡ፣ ሀዲዱ ይከተላል። እርስዎ ደግሞ ታድለዋል፤ ያሉት ኮምቦልቻ ነው። ደረቅ ወደብ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሦስቱን ይምረጡ። በየደጃቸው ሁለት ሦስት ፉርጎ የሚያስቆም አጭር ቅርንጫፍ ሀዲድ ያስገቡ። ፋብሪካው ለጊዜው የጫማ ካርቶን ቢሆንም ግድ የለም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ ይቁረጡለት። ቁጥሩና ዓይነቱ ይጻፍበት። ከካርዱ ጋር አራት ጉዞ የያዘ የመላኪያ ወረቀት ይያያዛል። አንደኛ፣ ኮንቴይነር ጭኖ ከመነሻው ጣቢያ፣ ከአዋሽ ወደ ደረቅ ወደብ። ሁለተኛ፣ ባዶውን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ሦስተኛ፣ ልብስ ጭኖ ወደ አዋሽ። አራተኛ፣ እስኪፈለግ ጣቢያ ቆሞ መጠበቅ። አንድ ጉዞ ባለቀ ቁጥር ወረቀቱን ማገላበጥ ነው። ከሞከርኩት ሁሉ ይሄን የሚያህል ዘዴ አላገኘሁም። ትንሹ ልጅ እንኳ ካርዱን አንብቦ «ይሄኛው ቢራ ፋብሪካ ነው የሚቀረው» ይላል።

ባዶ ፉርጎንም አይርሱ። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ይበልጣል። ስለዚህ ከወደብ ሞልቶ ከመጣው ብዙው ባዶውን ይመለሳል። በግቢዎም እንደዚያው ይሁን። ፉርጎው ሁሉ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ እውነት አይመስልም።

ቅርንጫፍ ሲያስገቡ ግን አቅጣጫውን ይዩ። ሎኮሞቲቩ ቅርንጫፉ ከዋናው ሀዲድ የሚለይበትን መቀያየሪያ አልፎ ቆሞ፣ ፉርጎውን ወደ ኋላ ገፍቶ የሚያስገባበት ቅርንጫፍ ቀላል ነው። ወደ ፊት የሚከፈተው ነው ችግሩ። እየጎተተ ከገባ ሎኮሞቲቩ ራሱ ውስጥ ይታፈናል፤ ፉርጎው መውጫውን ይዘጋበታል። መፍትሔው ጣቢያው ላይ ሁለተኛ ማለፊያ ሀዲድ ማኖር ነው። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን ትቶ በጎን ይዞርና ከኋላ መጥቶ ይገፋቸዋል። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ቅርንጫፎቹን ሁሉ በአንድ ፊት አደረግኋቸው፤ ቀለለኝ። በኋላ አንዱን ሆን ብዬ አዞርኩት። አሁን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቆም ብሎ የሚያስበው እዚያች ላይ ነው። ደስታው እሱ ነው።

ከወልድያ የደወለች ተማሪ፦ «የኔ ሀዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ልሥራበት ወይስ አዲሱን?»

ሁለቱም ይሆንልሻል የኔ ልጅ፤ የሚለየው ልኬቱ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ ማነሱ ነው። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለ22.5 ስታካፍይው 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከአዲሶቹ አንዱ፣ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ32 ሲካፈል 44.8። ሁለቱም ያንቺው ሀዲድ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን ምረጪ እንጂ አትቀላቅይ። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ግዙፍ አንዱ ድንክ ይሆናሉ። እኔን ካልሽ የሐራውን ሥሪ፤ ለወልድያ ደጅሽ ነው፣ ሄደሽ አይተሽ ትለኪያለሽ።

ከሐይቅ የደወሉ አድማጭ፦ «ክረምት ላይ ሀዲዴ ተጣመመ፣ ባቡሩም መንገድ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ።»

መሬትዎ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር ከሆነ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አንድ ስንዝር ቆፍረው ጠጠር ይሙሉበት፤ ውሃውም መውጫ ይኑረው። የናስ ሀዲድ በፀሐይ ይረዝማል። 10 ሜትሩ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዉ። ለሚቆመው ባቡር ደግሞ ባትሪውን ሎኮሞቲቩ ውስጥ አስገብተው በሪሞት ይንዱት። ኤሌክትሪኩ በሀዲዱ ካልመጣ፣ የጠቆረ ሀዲድ በየጠዋቱ ከመወልወል ይገላገላሉ።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ «ልጄና ጓደኞቹ ሁለት ባቡር በአንድ መስመር እያስሮጡ ያጋጫሉ። ምን ላድርግ?»

ፍጥነቱን ያስቀንሷቸው። በ1 ለ32 ልኬት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ልጆቹ ጮክ ብለው ይቁጠሩ።

ግጭቱን የሚያስቀረው ግን ዱላ ነው። ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ላለው ሀዲድ አንድ ዱላ ይመደባል። ዱላውን ያልጨበጠ ነጂ ንቅንቅ አይልም። በእውነተኛ ነጠላ ሀዲድ ላይም ለረጅም ዘመን የተሠራበት ደንብ ነው። አንዱን ልጅ የጣቢያ ሹም ያድርጉት፤ ዱላውን የሚሰጥና የሚቀበል እሱ ይሁን።

ሰዓት መወሰን ካስቸገረዎት በቡናው ይሁን። አቦል ሲቀዳ ይጀምሩ፣ በረካ ሲደርስ ያቁሙ። ፉርጎዎቹን ግን ሰብስበው ካርቶን ውስጥ አይክተቱ። ዝናብ ከሌለ የቆሙበት ይደሩ፣ ካርዳቸውም አብሯቸው ይቀመጥ። ልጆቹ ነገ ከዚያው ይቀጥላሉ።