የስፌት መስመሩን ወንበር ስለመቀየር

የተከበራችሁ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ የመስመር ሱፐርቫይዘሮች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ለስፌት ክፍሉ ከፍና ዝቅ የሚል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ግዙ።

ወደ መስመሩ ስትገቡ መጀመሪያ በርጩማዎቹን እዩ። አንዳንዶቹ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተደራርቦ በክር ታስሮ ታገኛላችሁ። «መስመሩን አዝረከረካችሁት» ብሎ የሚያስነሣ ሱፐርቫይዘር አይጠፋም። እኔ ግን እንደ ማመልከቻ ነው የማነበው። አንዷ ሰፊ መቀመጫው ስለቆረቆራት ነው የደረበችው፤ ሌላዋ ቁመቷ አጠር ስለሚል ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ። ከፍ ስትል ግን እግሯ ከፔዳሉ ይርቅና በጣቶቿ ጫፍ መርገጥ ትጀምራለች። ስፌቱን አጥርታ ለማየት አንገቷን ትደፋለች። መቀመጫዋ ከፍ ያላለላት ደግሞ ክርኗ ከጠረጴዛው በታች ስለሚቀር ትከሻዋን ሰቅላ ትውላለች። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ትርፍ ሰዓቱን ሳንቆጥር። ያው ጡንቻ ይህን ሁሉ ሰዓት ተወጥሮ ሲውል ማታ ማጅራትና ወገብ ቢያማት ምን ይገርማል?

ይህ አዲስ የመጣ ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ጎንበስ ብለው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች ጀርባቸው እንደሚጎብጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። ከ300 ዓመት በላይ ዘግይተናል ማለት ነው።

ሲስተካከል ከእግር ይጀመር። ሙሉ የውስጥ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይረፍ፤ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ከዚያ ጠረጴዛው በክርኗ ልክ ይሁን። ጠረጴዛው ወደ እሷ ትንሽ ዘንበል ቢል አንገቷ ይቀላታል። መርፌው ላይ የራሱ መብራት ይኑር። የተቆረጠውን ጨርቅ ደግሞ ከወለል አታስነሷት፤ ጎኗ፣ በጠረጴዛው ከፍታ ይቀመጥላት።

ወጪ አለው፤ አልክድም። ግን የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ነው። ባንድ ጊዜ ካልተቻለ በአንድ መስመር ጀምሩ።

ናሙናው ሲመጣ ግን የግዢ ኮሚቴው ብቻውን አይምረጥ። ረጅሟም አጭሯም ሰፊ ሙሉ ፈረቃ ተቀምጠው ይሞክሩትና እነሱ ይወስኑ።

አመሰግናለሁ።