በርች ዛፍ በውኃ ቀለም፦ ነጩን ወረቀት ማዳን

[ምስል፦ ጣውላ ላይ የተወጠረ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ]

በርች የቀዝቃዛው ሰሜን ዛፍ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ከፎቶ እያየን ነው የምንስለው። ለነጩ ግንድ ነጭ ቀለም አንጠቀምም። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ ቀለም እንዳይነካው እንጠብቀዋለን።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይሁን። የደብተር ወረቀት ውኃ ሲነካው ይሸበሸባል፤ ቀለሙም እጥፋቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

[ቅርብ ምስል፦ ፕላስተር ሲቀደድ]

ግንዶቹ የሚሆኑበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር እንሸፍናለን። ፕላስተሩን በመቀስ አትቁረጡት፤ ወደ ርዝመቱ በእጅ ቅደዱት። የተሸረከተው ዳር የቅርፊቱን ጠርዝ ይመስላል። 5 ግንዶች ይበቃሉ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋታቸውን አለያዩ። ርቀታቸው እኩል ከሆነ የግቢ አጥር ይሆናል። ፕላስተሩን መጀመሪያ ልብስ ላይ ለጥፋችሁ አንሱት፤ የማጣበቅ ኃይሉ ይቀንስና በኋላ ወረቀቱን አይልጥም። ወረቀቱ ላይ ስትለጥፉት ግን ዳሩን በጥፍር ጫኑት፤ ካልተጫነ ቀለም ከሥሩ ይገባል።

[ምስል፦ ሰፊ ብሩሽ ውኃ ሲቀባ]

አሁን የጀርባው ቀለም፤ የድሬዳዋ ሙቀት የሚፈትነን እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ብሩሹ የወረቀቱን ታች ሳይደርስ ላዩ ይደርቃል፤ ሰማዩ መሃል ላይም ደረቅ መስመር ይቀራል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሥሩ፤ ቬንቲሌተሩን አጥፉ። ቀለሙን አስቀድማችሁ በብዛት በጥብጡ። ወረቀቱን አንዴ አርጥቡት፣ ውኃው ይስረግ፣ እንደገና አርጥቡት። ከዚያ ከላይ በኩል ቢጫ፣ ወደ መሬቱ ሰማያዊ ግራጫ ልቀቁበት። የውኃው ብልጭታ ሲጠፋ እጃችሁን አንሱ! በዚያ ሰዓት የሚጨመር ውኃ ቀለሙን ገፍቶ ዳሩ የተሸረከተ ጠባሳ ይተዋል፤ ብዙ ሥዕል የሚበላሸውም በዚህች ችኮላ ነው።

በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና አልደረቀም። ሲደርቅ ፕላስተሩን ወደኋላ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት።

[ቅርብ ምስል፦ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ]

ባርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ሲቀላቀሉ ጥሩ ግራጫ ይወጣል። አቅጥናችሁ የግንዱን አንድ ጎን ብቻ ጥላ ስጡት፤ ወደ ብርሃኑ ያለውን የጥላውን ጠርዝ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ አሟሙት። ከደረቀ በኋላ ያንኑ ቀለም አወፍሩት፣ የካርዱን ጠርዝ ንከሩበትና ከግንዱ ዳር ወደ መሃል ጎትቱት። የበርች አግድም ጭረቶች ወጡ። ቀለሙ ከቀጠነ ይፈሳል፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር አይድረስ፤ ከደረሰ ግንዱ የሜዳ አህያ እግር ይመስላል። ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ ጠቆር ያለ ጠባሳ ጨምሩ።

ቅርንጫፎቹን በቀጭኑ ብሩሽ ከግንዱ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሳቡ፤ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ብሩሹን እያነሣችሁ። የግንዱን ሥር ደግሞ በሣር ጭረት ሸፍኑት።