ጉንጬ ይዟል፣ ጫፉ ግን...

እሺ፣ ድምፁ ይሰማል አይደል? ዝናቡን ቻሉት፣ ጅማ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማይክ ምናምን አይበግረውም። ስለ "ጉንጬ" ለምትጠይቁኝ... አዎ፣ ተመልሷል። የሽንት ቧንቧዬ ጥበት ማለቴ ነው፣ ከጉንጬ ውስጥ ስጋ ወስደው ለጥፈው ያስፋፉልኝ።

ዶክተሩ ራጁን መስኮቱ ላይ አስደገፈና በእስክሪብቶ ክዳን ነጩን መስመር ይከተለው ጀመር፣ ለራጁ ብለው ያን ቀለም ከሽንት መውጫዬ ጫፍ ሲገፉብኝ ያየሁትን እሳት ተዉት፣ ብቻ ከጉንጬ የተወሰደው ስጋ ጋ ሲደርስ "ይሄ ቆንጆ አድርጎ ይዟል" አለኝ። ደስ አለኝ! ከዛ ክዳኗ ትንሽ ሄደችና ቆመች። እዛ ጋ መስመሩ ክር አክሏል። "ይሄ ጫፉ ነው ወንድሜ፣ አዲሱ ከነባሩ ጋር የተሰፋበት።" ክዳኗንም አላነሳትም። እሱ ያወራል፣ እኔ ክዳኗን ነው የማየው፣ ተነክሳለች፣ ማን ይሆን የነከሳት እያልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የሚለጠፈው ስጋ ሲመጣ የራሱ የደም መስመር የለውም፣ የመጀመሪያውን 2 ቀን ገደማ ከስሩ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው የሚቆየው፣ ደም ስር ከደም ስር የሚገናኘው ከዛ በኋላ ነው። ስሩ ደም በደንብ የማይደርሰው ጠባሳ ከሆነ ወይ ኢንፌክሽን ከገባ ይኮማተራል። ጠባሳው ደግሞ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል፣ ጤነኛ መስሎ የተሰፋው ጠርዝ ውስጥ ውስጡን ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ባጃጅ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፣ ጎሚስታ ከመነዳሪ ሲለጥፍላችሁ የሚተነፍሰው ከጠርዙ ነው። ሲጋራና ስኳርም ያባብሳሉ፣ እሱስ እኔን አይመለከትም።

ጉንጭ ካልን አይቀር፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት "በየትኛው ጉንጭህ ነው የምትቅመው?" ሲለኝ እናቴ አጠገቤ ነበረች። "ልጄ ቅጠል አይነካም" አለችው እኮ። ጅማ ላይ! ዶክተሩ ዝም ብሎ አፌን በባትሪ አየና ግራውን መረጠ፣ እሷም ሳቋን ዋጠች፣ ታውቃለች ማለት ነው። ከዛ በኋላ ሾርባ በቱቦ... እንትን፣ በስትሮ ስጠጣ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከ10 ሰው 8 ወይ 9ኙ ይድናል ይባላል። ጥሩ ቁጥር ነው። ቀሪው ደግሞ እኔ። ሎተሪ ላይ ግን እንዲህ ከጥቂቶቹ መሃል አያወጡኝም... አስቂኝ አይደለም ለነገሩ። ሌሊት አያስቅም።

አሁን "ጥበቷ አጭር ስለሆነች በካሜራ ገብተን እንቁረጣት፣ ካልሆነ እንደገና እንከፍታለን" እያለኝ ነው። እሺ ልበለው መሰለኝ። ግን መቆራረጥ ሲደጋገም ጠባሳው ይረዝማል ያለኝም እሱ ራሱ ነው፣ ታዲያ ለምን አቀረበልኝ? አንዴ ችግር የለውም ማለቱ ይሆን? ማክሰኞ እጠይቀዋለሁ፣ መንገዱ ከፈቀደ። ወይ ደግሞ መጀመሪያ... ቆይ፣ እናቴ ናት መሰለኝ፣ አቤት! መጣሁ...