ከሽንት ቤት ቁልቁል የተቆፈረ ጉድጓድ

ውድ መምህሮቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጠራሁት ስለ ትምህርት ዘርፍ ምርጫ እንዳስረዳችሁ ነው። አስረዳለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልተነፍስ ከዚህ አልወርድም።

ተማሪ ሳለሁ «ኢንቫይሮንሜንታል ጂኦሎጂ፣ መሬትና ውሃ ከሰው ኑሮ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናውን ዘርፍ፣ እመርጣለሁ» ስል፣ «ምነው፣ ውጤትሽ አነሰ እንዴ?» ተባልኩ። ጂኦሎጂ ሲባል ወርቅና ነዳጅ ብቻ የሚታየው ሰው ሞልቷል።

እዚሁ ጅማ ያደግሁበት ሰፈር አንዲት እትዬ ነበሩ። ላማቸውን ሸጠው ጉድጓድ አስቆፈሩ። ቆፋሪው ቀዩን አፈር ጨርሶ የተሰነጠቀ ባዛልት፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ላይ ደረሰ፤ ውሃም ተገኘ። ጥርት ያለ ውሃ! ሰፈሩ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ተሰለፈ። ክረምት ሲገባ የልጅ ልጆቻቸው በተቅማጥ ተራ በተራ ወደቁ። ለእረፍት መጥቼ ግቢውን ዞሬ አየሁት። የጎረቤት ሽንት ቤት ከላይ፣ ጉድጓዱ ከታች፤ በመሃል ሃያ እርምጃ እንኳ የለም።

«እትዬ፣ ውሃው ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ከአላህ ነዋ ልጄ።»

መሬት ላይ በእንጨት ሣልኩላቸው። አፈር ቆሻሻን በመጠኑ ያጣራል፤ የድንጋይ ስንጥቅ ግን እንደ ቧንቧ ያወርደዋል። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ታዲያ ሳልቆፍር ለምን አልመጣሽም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

ውጤት ላነሰው ነው የምትሉ ስሙኝ! ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትንም ደገመ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ጥርሳቸው ቡኒ የሆነ ልጆች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የጉድጓዱን ውሃ ሳይለካ ማን ያውቃል? ይሄ ነው ትርፍራፊ ትምህርት?

ትምህርቱን በአጭሩ ልበል። ሃይድሮጂኦሎጂ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት፣ አለ፤ የአፈር ሜካኒክስ፣ አፈር ጫና ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የሚያጠናው፣ አለ፤ ጂአይኤስ፣ በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተኛ፣ አለ። ከኬሚስትሪ አትሽሹ። ከማሳችን የሚታጠበው አፈር ግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ ስለሚተኛም መምህሮቻችሁን ጠይቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቦዬ ረግረግ እወርዳለሁ። ቦት ጫማ ያላችሁ 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ጠብቁኝ። አካፋ እኔ ይዣለሁ።