መልሱ ስልክ ውስጥ ነው፤ ቆጠራውስ?

[ምስል፦ ጣና ዳር፣ ሊመሽ ሲል። ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል።]

ባሕር ዳር ነን። ልጆቹ 11ኛ ክፍል ናቸው። ቻትጂፒቲ፣ ለጥያቄ መልስ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲለቀቅ ገና ሁለተኛ ደረጃ አልገቡም ነበር። የዛሬው አሳይመንት ጣናን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ ነው። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጻፉለት። ያዘዙት ሻይ ሳይቀርብ መልሱ መጣ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ቶሎ ይባዛል፤ ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል። ትክክል ነው።

ልጅቷ ቀጠለች። "ጣና ላይ መቼ ታየ? ምንጭ ስጠኝ።" የመጽሐፍ ርዕስ፣ የደራሲ ስም፣ ገጽ ሳይቀር ደረደረላት። ብትፈልግ ብትፈልግ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም።

ለምን? ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ኢንተርኔት ላይ ካልፈለገ በቀር መጽሐፍ ገልጦ አያይም። ከብዙ ጽሑፍ በተማረው መሠረት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይሄዳል። ስለዚህ የማያውቀውንም አፉን ሞልቶ ይናገራል። በአማርኛ ይብሳል። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ቃላችንንም ከእንግሊዝኛው በበለጠ ቆራርሶ ነው የሚያነበው።

"አሥር ጊዜ ብጠይቀው አይቆጣኝም" አለችኝ ልጅቷ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተጨናነቀ ክፍል እጅ ማውጣት ለሚያፍር ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ጓደኛዋ ግን መሬት መሬት እያየ "እኔ ገልብጬ ነው የማስገባው" አለ። እውነቱን ስለነገረኝ አከበርኩት። ግን አሳሰበኝ።

[ምስል፦ ጎጃም፣ የቅኔ ጉባኤ ቤት።]

የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በራሱ አስቦ ይደርሳል ማለት ነው። ቃል ያነሣል፣ ይጥላል። የኔታ ፊት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሳቸውም ያርሙለታል። ቅኔ የሚማረው እዚያ ቆጠራው ላይ ነው። የኔታ ቅኔውን ሠርተው ቢሰጡት ምን ይቀረዋል? ስልኩም ከቆጠራው በኋላ ይምጣ ነው የምለው።

[ምስል፦ የጀልባ ማቆሚያው።]

ልጅቷ ተነሥታ ወደ አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ ሄደች።

"አባባ፣ እምቦጭ መጀመሪያ የታየው መቼ ነው?"

"በ2004 ነዋ ልጄ። በዚያ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ወደ ደምቢያ።"

ደብተሯ ላይ በራሷ ቃል አንድ አንቀጽ ጻፈች። ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ስልኩን ከጓደኛዋ ተቀብላ አንቀጹን አስገባችና ከሥሩ እንዲህ አለችው፦ "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"