ሞደሬት ይምራን? በተሸነፈ ማግስት የት ነበር?

እንደምን አመሻችሁ! የእሁድ ማታ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል፣ እኔ ግን ቶሎ ጨርሼ ማይኩን ልለቅላችሁ ነው ሀሳቤ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር የናንተ ክርክር ነው፣ እሱ ደግሞ እንደተለመደው መኪና ማቆሚያው ድረስ እንደሚከተለን አውቃለሁ።

ጥያቄውን ታውቁታላችሁ። ወግ አጥባቂ ነን የምንል የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን መራጮች፣ ፓርቲያችንን ሞደሬት፣ ማለትም ለዘብተኛ፣ ሰው ይምራው እንበል ወይስ አይሆንም እንበል? ባለፈው ስንገናኝ አንድ ጋሼ፣ እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ "ለዘብተኛ መሪ ማለት የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም" ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። ሳቁ ሳያልቅ ከኋላ አንዲት እህት "እሺ ጋሼ፣ ምርጫ የተሸነፈ አንበሳስ ከማን ያስጥለናል?" አለቻቸው። ሁለቱንም እያመላለስኩ ሳስብ ከረምኩ። እና የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ እኔ ከአሁን በኋላ ስለ አንድ ፖለቲከኛ መጀመሪያ የምጠይቀው ሞደሬት ነው ወይ ብዬ አይደለም፣ ሲሸነፍ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ያኮርፋል? ወይስ በማግስቱ ሥራ ይገባል?

ከራሴ ልጀምር መቼም፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሬ በፊት። በ2008 ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያዬ የፕሬዝዳንት ምርጫ ነበር። ታክሲ ነው የምነዳው፣ ሬድዮው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ሬድዮው ላይ ደግሞ የኛው እጩ ጆን ማኬይን ሲብጠለጠል ይውላል። የቡሽን የታክስ ቅነሳ በ2001ም በ2003ም ተቃውሟል፣ ኢሚግሬሽን ላይ ከዴሞክራቱ ሴናተር ከኬኔዲ ጋር ሕግ አርቅቋል፣ እሱማ የኛ ሰው አይደለም ምናምን። እኔም ተናድጄ ምርጫው ቀን አኩርፌ ሥራዬን ስሠራ ዋልኩ። ማታ ላይ ቨርጂኒያ ከ1964 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት ድምፅ ሰጠች ተባለ። የኔ አንድ ድምፅ ምንም አይቀይርም ነበር፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ለአራት ዓመት የማማረር መብቴን በገዛ እጄ አሳልፌ የሰጠሁ ነው የመሰለኝ። (ባለቤቴ እስከዛሬ "አንተ ዝም በል፣ ያልመረጥክ" ትለኛለች፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄ ጭቅጭቅ በኛ አልተጀመረም። በ1960 ኒክሰን የፓርቲያችን የፕሬዝዳንት እጩ ሊሆን ሲል ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ የለዘብተኞቹ አለቃ ከነበረው ከኔልሰን ሮክፌለር ጋር ቤቱ ተቀምጦ የፓርቲውን ፕሮግራም ተደራደረ። ወግ አጥባቂዎቹ በገኑ! የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ደግሞ ከሁሉም በላይ በገነ። ቺካጎ ኮንቬንሽኑ ላይ፣ ማለትም እጩ በሚመረጥበት የፓርቲው ጉባኤ ላይ፣ ደጋፊዎቹ ስሙን ለእጩነት አቀረቡለት። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱን ከእጩነት አገለለና ለራሱ ሰዎች፣ እንደግ እንጂ ወግ አጥባቂዎች፣ ፓርቲውን መልሰን መውሰድ ከፈለግን ወደ ሥራ እንግባ አላቸው። ከዛ ወጥቶ ለኒክሰን ቀሰቀሰ። ኒክሰን ለጥቂት ተሸነፈ፣ የጎልድዋተር ሰዎች ግን በየካውንቲው ሥራቸውን ቀጠሉና በ1964 እጩነቱን ወሰዱት።

ያኔ ደግሞ የማኩረፉ ተራ የለዘብተኞቹ ሆነ። የሚሺጋኑ ገቨርነር ጆርጅ ሮምኒ፣ የሚት አባት፣ ጎልድዋተርን አልደግፍም አለ፣ የኒውዮርኩ ሴናተር ጃቪትስም እንደዛው። ሳንፍራንሲስኮ ላይ እርግጥ የኛም ሰዎች ሮክፌለር ሲናገር እየጮሁ አላናግር ብለውታል፣ ያ አሳፋሪ ነበር፣ አልደብቀውም። ጎልድዋተር ያሸነፈው 6 ስቴት ብቻ ነው። ሮምኒዬው ግን እዛው ኅዳር ላይ ገቨርነርነቱን በድጋሚ አሸንፎ ቤቱ ገባ። ጎልድዋተር የተሸነፈው በዚህ ብቻ ነው አልልም፣ በዛ ዓመት ዴሞክራቱን ፕሬዝዳንት ጆንሰንን ማንም አይችለውም ነበር። ግን እስቲ አስቡት፣ ለዘብተኛው ሲያሸንፍ "አንድነት! አንድነት!" እንባላለን፣ እኛ ስናሸንፍ አንድነቱ ለእረፍት ይወጣል። ጋሼ የሚያናድድዎት ይሄ ከሆነ እኔንም ያናድደኛል።

1976 ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሬገን በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዝዳንት ፎርድን ከራሱ ፓርቲ ተነስቶ ገጠመው፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ 1187 ለ1070 በሆነ የዴሌጌት፣ የጉባኤው ተወካዮች፣ ድምፅ ተሸነፈ። ይቺን ያህል ነው የቀረችው! እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። ሬገን ከኮንቬንሽኑ በፊት ምክትሌ የሚሆነው ብሎ ያስታወቀው ሪቻርድ ሽዋይከር የሚባል የፔንሲልቫኒያ ሴናተር ነበር፣ ሰውየው ከሞደሬትም አልፎ ሊበራል የሚሉት ዓይነት ነው። አዎ፣ ዛሬ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ሬገን! ሚሲሲፒ ያሉ ወግ አጥባቂዎች በዚህ ተቆጥተው ወደ ፎርድ ዞሩበት። እና ተሸንፎ ሲያበቃ ፎርድ ወደ መድረኩ ሲጠራው ወጥቶ ለፓርቲው ተናገረ፣ ቤቱ ገብቶ በሩን አልዘጋም። የውጭ ፖሊሲ ላይ የሱ ሰዎች የፈለጉት አንቀጽም ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲያሸንፍ ደግሞ የኢኮኖሚ ዕቅዱን "የጥንቆላ ኢኮኖሚክስ" ብሎ የተሳለቀበትን ለዘብተኛውን ሲኒየሩን ጆርጅ ቡሽን ምክትል አድርጎ 44 ስቴት ወሰደ። ጥርሱን ነክሶ ነው ያደረገው ይባላል፣ ይሁን፣ አደረገው።

ጊዜውን ወደ ቅርብ እናምጣው። 2010ን የምታስታውሱ አላችሁ። ደላዌር ላይ ማይክ ካስል የሚባል የቀድሞ ገቨርነር፣ ያገሬው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የሴኔት ወንበሩን ሊወስድ ነው ሲባል የኛ ወገን ፕራይመሪው ላይ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ፣ ለዘብተኛ ነህ ብሎ ጣለውና ክሪስቲን ኦዶኔልን አቀረበ። በ17 ነጥብ አካባቢ ተሸነፍን። ካስልም ሳይደግፋት ቀረ። በዛው ዓመት ፍሎሪዳ ላይ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ገና በጠዋቱ ቻርሊ ክሪስትን ይዘው ነበር፣ ሞደሬት ነው፣ ያሸንፋል ተብሎ። ማርኮ ሩቢዮ የሚባል ልጅ ከኋላ መጣና ሲመራው፣ ክሪስት ፕራይመሪውን እንኳን ሳይጠብቅ ፓርቲውን ጥሎ በግሉ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ፣ ቆይቶ ዴሞክራት ሆነ። አላስካ ላይ ደግሞ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ ፕራይመሪውን ተሸንፋ መራጩ ስሟን በእጁ እየጻፈላት መልሳ አሸነፈች፣ እሷስ ኩርፊያው ተሳካላት።

ካስልና ክሪስት ሁለቱም ሞደሬት ይባሉ ነበር። አንደኛውን ስለጣልነው ወንበሩን አጣን፣ ሁለተኛውን ስላልያዝነው ግን እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ "ሞደሬት" የምትለው ቃል ብቻዋን ምን ነገረችን? ምንም! ስቴቱን ማየት ነበረብን፣ ደላዌር ፍሎሪዳ አይደለችም፣ ሰውየውንም ማየት ነበረብን።

የዳኞቹን ነገር ሳላነሳ ብወርድ ደግሞ ሌሊቱን አልተኛም፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ወደዚህ ፓርቲ የመጣነው በእምነታችን ነው። ጋሼ ሁሌ የሚሉት ሱተርን ነው። በ1990 ሲኒየሩ ቡሽ ዴቪድ ሱተርን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከልን፣ በ1992 ሱተር የውርጃ መብትን ካጸኑት ዳኞች አንዱ ሆነ። ለዘብተኛ መሪ እንዲህ ያስከፍላል፣ ትክክል፣ ይሄ ቁስል ነው። ግን ሌላውንም እኩል ቁጠሩት፣ በ2018 ዳኛ ካቫና ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴኔቱ 50 ለ48 ሲጸድቅ አዎ ካሉት አንዷ የሜይኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ ነበረች፣ ከሞደሬትም ሞደሬት የምትባለው። እሷን ፕራይመሪ ላይ ጥለናት ቢሆን ኖሮ ከሜይን የሚመጣው ሌላ ወግ አጥባቂ ነበር ብሎ የሚምል አለ? በ2022 የውርጃ መብት ፍርዱ ሲገለበጥ ካቫና ከገለበጡት ጋር ነበር። ኮሊንስ ተታልያለሁ ብላ ተቆጥታለች፣ ትቆጣ፣ ድምፁ ግን ተሰጥቷል።

እዚሁ ቤታችን ደግሞ። ለ2013ቱ የገቨርነር ምርጫ የቨርጂኒያ ፓርቲያችን ፕራይመሪውን ትቶ በኮንቬንሽን እጩ ይመረጥ አለ፣ በኮንቬንሽን ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚውለው እንደኛ የከረረው ሰው ነው። ለዘብተኛው ምክትል ገቨርነር ቢል ቦሊንግ ይሄን አይቶ ከውድድሩ ወጣ፣ ወግ አጥባቂውን እጩ ኬን ኩቺኔሊንም አልደግፍም አለ። ኩቺኔሊ በ2.5 ፐርሰንት አካባቢ ተሸነፈ። እኔ ያኔ ሕጉ ሲቀየር ካጨበጨቡት ነኝ፣ "ጨረስናቸው!" ብያለሁ፣ ማንን እንደጨረስን ኅዳር ላይ ገባኝ። በ2021 ደግሞ ለገቨርነር እጩነት 7 ሰው ተወዳደረ፣ መራጩ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ እያለ በየደረጃው እንዲሞላ ተደረገ፣ ግሌን ያንግኪን አንደኛ ወጣ፣ ሁለተኛ የወጣው ፒት ስናይደር ወዲያው ደገፈው። ያንግኪን ለኛ ወግ አጥባቂ መሰለን፣ ለጎረቤታችን ደግሞ ቬስት የለበሰ ጨዋ የሰፈር አባወራ መሰለው፣ አሸነፍን። አንደኛ ምርጫዬ እሱ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ሞደሬት ቢመራን አልሞትም። ግን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። የማይስማማበትን ከምርጫው በፊት ፊታችን ቆሞ ይንገረን። ሲኒየሩ ቡሽን የጣለው መለሳለሱ ብቻ አይደለም፣ በ1988 "አዲስ ታክስ የለም፣ ከንፈሬን አንብቡ" ብሎ በ1990 ታክስ መጨመሩ ነው፣ ሰው መናቁን አይረሳም። ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ነው፣ ከዚህ በፊት ተሸንፎ ከሆነ በማግስቱ የት ነበር? ያሸነፈው ወግ አጥባቂ ሲሆን ወጥቶ በር አንኳኩቷል ወይስ ድጋፉን ሳይሰጥ ቀርቷል? ያላደረገ ሰው አሁን መጥቶ "አንድ ሁኑልኝ" ሲለኝ አልሰማውም።

ይሄንኑ ግን የኛም ጎራ እጩዎች መመለስ አለባቸው፣ "ከኔ ሌላ ሁሉም ከሃዲ ነው" የሚለውም ቢሆን። ተሸንፎ ለለዘብተኛው ያልቀሰቀሰ ወግ አጥባቂ ጎልድዋተርንና ሬገንን እየጠራ አያስለቅሰን። እኛም መራጮቹ እንመልስ፣ ቤታችን ብንቀር ለምን ቀራችሁ ብሎ የሚጠይቀን የለም፣ እኔ በ2008 የት እንደነበርኩ ነግሬያችኋለሁ፣ እናንተም ማይኩ ሲደርሳችሁ ከዛ ጀምሩ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።