ሞተሩን ላድሰው፣ ልቀይረው ወይስ መኪናውን ልሽጠው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አይሱዙዬ ላውራችሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው፤ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በመኪና እንጀራ የምትበሉ ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ ጉዳዩ ሳይገባችሁ አይቀርም።

መኪናው አሮጌ ኤን ፒ አር የሚባለው የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 4.3 ሊትር፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው። አሁን ከኮምቦልቻ ጭኖ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ልቤ አብሮት ይደክማል። ይወጣል፣ ግን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ፣ ሰማያዊ ጭስ እያንቦለቦለ፣ ደሴ ደርሶ ዘይት ጨምሩልኝ እያለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሞተር ላይ ቶሎ እንፈርዳለን። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣው ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንሰው፣ ጤነኛም ቢሆን ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ብቻ አይታችሁ ሞተሩ አልቋል አትበሉ፤ የአየር ማጣሪያውንና ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አሳዩ። ሰማያዊው ግን ሌላ ነው። እሱ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

የኔን መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈተው። ትንፋሹ እጅ ይገፋል። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ፣ ለካ፤ አራቱም ሲሊንደር ዝቅ ብሏል። አንዱ ብቻ ቢሆን ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሐል ያለው ማሸጊያ) ነው ብለን ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ ብቻ እናወርድ ነበር። አራቱም ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) እና ካሚቻው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ተበልቷል ማለት ነው። «አብሽር ወንድምዓለም፣ ይድናል» አለኝ። ይድናል ማለት ግን ያዋጣል ማለት አይደለም፣ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ወንድሜ ሽጠው ይላል። ሹፌሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሞተር አምጥተህ ግጠምና ተገላገል ይላል። ሐሳቡ ፈጣን ስለሆነ ያጓጓል፣ መኪናው ብዙ ሳይቆም ወደ ሥራ ይመለሳል። ግን ያ ሞተር የት እንደኖረ፣ ሞቆበት ያውቅ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ታጥቦ ቀለም ተቀብቶ ሲቀመጥ ሁሉም ያምራል። ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ አለ። የጉምሩክ ወረቀት የሌለው ሞተር ከገጠማችሁ ቦሎ ስታወጡም ስትሸጡም መከራ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል።

ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ሻንሲውን፣ መኪናው የቆመበትን ብረት፣ አየሁት። መኪናውን አሳጥቤ ከሥር ገባሁ። የባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) መያዣዎቹ አካባቢ ስንጥቅ አለ ወይ፣ የተበየደ ቦታ አለ ወይ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻሉ ዘይት ያፈሳሉ ወይ? ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። አልተበየደም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ አልቅሼ ነበር። እህቴን ያስተማረ፣ ለእናቴ ቤት የሠራ መኪና ነው፤ ብረት ብቻ ነው የሚለኝ ሰው አይገባኝም።

ሌላም አለ፣ ስለ እሱ ብዙ አይወራም። ሁላችንም የምናወራው ስለ መውጣት ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን መውረዱ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ የሚወርድ መኪና በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን መያዝ አለበት። የደከመ ሞተር ግን መኪናውን በደንብ ላይዝ ይችላል። ያኔ ሹፌሩ ፔዳል ላይ ይቆማል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «እስከ መኸር ድረስ እንዲሁ ይሥራ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። የሰው ልጅ ነው ጋቢና ውስጥ ያለው።

ውሳኔዬ ይኸው። ሞተሩን አወርደዋለሁ፤ የራሱን ሞተር ነው የማድሰው። ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ካሚቻ፣ ብሮንዚን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ) ይቀየራል፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚላግበት ቦታ፣ ሄዶ ይስተካከላል። ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ይለካል፤ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ከዳነ እዚሁ እንጨርሰዋለን። ከዚያ ካለፈ ወይም ብሎኩ ተሰንጥቆ ከተገኘ ግን፣ ወረቀቱ የተሟላ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፣ መካኒኩንም ይዤው ነው የምሄደው። ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። ተኮሳትሯል፣ ግን ለዕቃው ግማሹን አዋጣለሁ ብሏል።